መቶ ትንፋሽ

እኔ አፌን ስከፍት ሰው ሁሉ የሚያየው እጄን ነው። እጄ ደግሞ እስከ ክርኔ ድረስ ሰማያዊ ነው፤ አርባ ዓመት ቀለም በርሜል ውስጥ የኖረ እጅ ምን እንዲመስል ነበር የሚፈልጉት? ትናንት ጤና ጣቢያው በር ላይ ነርሷ ልጄን ስትጠይቀው አጠገቡ ቆሜ ነበር። ያስልሃል? አያስለኝም። ትኩሳት አለህ? ትንሽ ትንሽ። ደረትህን ይወጋሃል? ኧረ በጭራሽ። እሱ የመለሰውን ሁሉ ትጽፋለች። እኔ «ልጄ፣ የዚህ ሰውዬ አተነፋፈስ ሰሞኑን አላማረኝም» ብል ብዕሯ ቆመ። ቀና አለች፣ እጄን አየች፣ ከዚያ «እማማ፣ ታማሚው ራሱ ይናገር፤ እርስዎ ትንሽ ወደዚያ ይበሉልኝ» አለችኝ። ታማሚው! አምጬ የወለድኩትን፣ ኩፍኝና ትክትክ ሲጥለው በጀርባዬ አዝዬ ያነጋሁለትን ልጅ በሁለት ደቂቃ ታማሚው አድርጋ ወሰደችብኝ። ወደዚያ አልኩላት። ምን አደርጋለሁ? ከኋላዬ ያለው ሰልፍ እስከ መንገዱ ደርሷል፤ ሁሉም ይስላል፤ ሁሉም እኔን መንገድ የዘጋ ድንጋይ አድርጎ ያየኛል።

አረንጓዴ ወረቀት ሰጠችው። እዚያ ሰው የሚለየው በወረቀት ነው። አረንጓዴ «ቀላል» ነው፤ ቤትህ ሂድ፣ ውሃ ጠጣ፣ ተኛ ማለት ነው። ቢጫ በየቀኑ እየመጣህ ታይ ነው። ቀዩ ግን ከግቢው ጀርባ ወዳለው፣ መስኮቱ ተከፍቶ ወደማያውቀው ቤት ያስገባል። ምራቴ አረንጓዴውን ስታይ እንባዋ መጣ። ቤት እንደገባን መስተዋቱ ላይ ለጠፈችው፤ ቫይረስ የያዘው ሰው ቤት ሳይሆን ተማሪ የተመረቀበት ቤት አስመሰለችው። እሷ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ስትተይብ የምትውል ሴት ናት፤ ማኅተም ያረፈበትን ነገር ታምናለች። እኔ ማኅተም የማውቀው ጣቃ ላይ ነው። አንደኛ ደረጃ የሚል ማኅተም የተመታበት ጣቃ ውሃ ሲነካው እንደ አሮጊት ፊት ሲጨማደድ ስንቴ አይቻለሁ።

ቤታችን ሁለት ክፍልና ከጀርባው አንድ ግቢ ነው። የፊተኛው ክፍል ሱቅ ነው፤ ሰው የወየበ ልብሱን ያመጣል፣ ቀለም ይመርጣል፣ ዋጋ ይከራከራል። ግቢው ውስጥ ሁለት በርሜል እሳት ላይ ተጥዷል፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ጥቁር። ድሮ ጥቁሩ በሳምንት አንዴ ቢፈላ ነው። ይህ በሽታ ከገባ ወዲህ ግን ከሥሩ እሳት ጠፍቶ አያውቅም። ሰው ነጩንም አበባውንም ይዞ ይመጣና «ለነገ ይደርሳል?» ይላል፤ ለማን እንደሆነ አንጠይቅም። ሰኞ ዕለት የጫማ ጠጋኙ ሚስት ሁለት ቀሚስ አመጣች። ጫማ ጠጋኙ ፊት ለፊታችን ነበር የሚሠራው። ቅዳሜ በሩ ላይ ተቀምጦ «ድካም ብቻ ነው፤ እንዳንቺ እያረጀሁ ነው መሰለኝ» እያለ ሲቀልድብኝ ነበር። አላሳለውም። አንድ ቀን እንኳ አላሳለውም። እሑድ መዶሻውን ጭኑ ላይ እንዳስቀመጠ እዚያው ቀረ። እኔ ቀሚሶቹን ስነክር ጥቁሩ ውሃ ውስጥ ፊቴን አየሁና ዓይኔን ዞር አደረግሁ።

ዛሬ ሐሙስ ጠዋት ልጄ ከወትሮው ዘግይቶ ተነሣ። ተኛ ብለው አልሰማ አለኝ፤ የሆቴል መጋረጃ ተቀብሏል፣ አሥራ ሁለት መጋረጃ፣ በየቀኑ አራት አራት እያለ ዛሬ የመጨረሻዎቹ ናቸው። የጎማ ቦቲውን አጥልቆ ወደ ግቢው ወጣ። ጓንት አያደርግም፤ ጨርቁን በእጄ ካልዳሰስኩት አይገባኝም ይላል፤ ይህን የወረሰው ከእኔ ነው፣ ስለዚህ ጥፍሩም እንደ እኔ ጥፍር ሰማያዊ ነው። እኔ ከሱቁ ሆኜ ድምፁን ጠበቅሁ። ልጄ ሥራ ላይ አፉ አያርፍም። ከቀለም ሻጩ ጋር ይጣላል፣ ቀለም ሻጩ ባይኖር ከጎረቤት ድመት ጋር ይጣላል። ዛሬ ምንም የለም። እሳቱ ይንጣጣል፣ ውሃው ይፈላል፣ ልጄ ግን የለም። ብቅ ብዬ ባይ ባልዲ ገልብጦ ተቀምጧል። ልጄ በርሜል አጠገብ ተቀምጦ አያውቅም።

ለማያውቅ ሰው እንድነግር ይፈቀድልኝ፤ የእኛ ሥራ በሰዓት አይደለም። ግድግዳ ላይ የሰቀልነውን ሰዓት ሁሉ እንፋሎቱ አሳውሮታል፤ እጅህ ቀለም ውስጥ እያለም ስልክ አታወጣም። እኔን ያስተማሩኝ ሴትዮ ያስተማሩኝ በትንፋሽ ነው። ጨርቁን ትነክራለህ፣ በዱላ ትጫነዋለህ፣ ከዚያ ረጋ ብለህ መቶ ትንፋሽ ትቆጥራለህ። መቶ ሲሞላ ታወጣለህ። ሰማንያ ላይ ብታወጣው ይገረጣል፣ መቶ ሃያ ላይ ብታወጣው ይጠቁራል። ልጄ ቁመቱ ከበርሜሉ ሳይበልጥ ጀምሮ እንዲሁ ነው የሚቆጥረው፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ሰው ቢጠራው አይሰማም። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው በዚህ ሥራ፤ አንድ መልክ የሆነ ነገር ስጠው፣ አንድ መልክ አድርጎ ይመልስልሃል።

ገመዱ ላይ መጋረጃዎቹ በተራ ተሰቅለዋል። የማክሰኞዎቹ አራቱ ድብን ያለ ሰማያዊ ናቸው። የትናንቶቹ ሳሳ ብለዋል። ዛሬ ጠዋት የወጣው፣ ውሃው ገና የሚንጠባጠበው፣ እርጥብ ጨርቅ ሲደርቅ ይበልጥ እንደሚነጣ እያወቅሁ፣ ከአሁኑ ብዙ የታጠበ የትምህርት ቤት ሸሚዝ መስሏል። ሦስት ቀን፣ አንድ በርሜል፣ አንድ ቀለም፣ አንድ እጅ። ቆሜ አየሁት። ሰው ደረቱ ላይ ደም እንደሚያይ ነው ያየሁት፤ ደሙ ከየት እንደመጣ ገና ሳያውቅ።

«መጋረጃው ገርጥቷል» አልኩት።

«ቀለም ሻጩ ነው» አለና ቆመ። አየር ሳበ። «ውሃ... ቀላቅሎበታል።»

ይኸው ነው። ያ ቀለም ሻጭ ከአያቱ ጀምሮ እስከ ልጅ ልጁ መሰደብ ሲገባው ልጄ በአምስት ቃል ጨረሰው፤ አምስቱንም ሁለት ቦታ ቆርጦ። ከጥግ ቁራጭ አቡጀዲ አነሣሁ፣ ከዚያው በርሜል ነከርኩ፣ በዱላ ተጫንኩ። አንድ። ሁለት። ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ወገቤ ይመኛል፣ ግን ትንፋሼ የራሴ ነው። መቶ ስል አወጣሁት። ድብን ያለ ሰማያዊ። የማክሰኞ ሰማያዊ። ቀለሙ አልሳሳም። ውሃም አልተቀላቀለበትም። ልጄ እንደ ሁልጊዜው መቶ ቆጥሯል፣ አንድ አልጎደለም፤ የጎደለው ሌላ ነው።

ከኋላው ሄጄ ቆምኩ። ጀርባውን አየሁ። ሸሚዙ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል፤ የትከሻው አጥንት መካከል ጨርቁ ወደ ውስጥ ይጠባል። የራሴን ትንፋሽ ከእሱ ጋር አስተያየሁት። እኔ አንድ ስተነፍስ እሱ ሁለት። አንዳንዴ ሁለት ከግማሽ። እንደሮጠ ውሻ፣ ግን ሳይሮጥ፤ ባልዲ ላይ ተቀምጦ። መቶው ትንፋሽ በግማሽ ጊዜው እያለቀበት ነው ጨርቁን የሚያወጣው። ማክሰኞ ደህና ነበር፣ ትናንት ሳሳ፣ ዛሬ ይኸው። ነገስ? ነገን ላስብ ስል የጫማ ጠጋኙ መዶሻ መጣብኝ። ጮኼ ብናገር ይደነግጣል፣ ቢደነግጥ ያቺኑ ትንፋሽ ይጨርሳታል ብዬ አፌን በእጄ ያዝኩ።

ምራቴ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ቤት ናት። ገብቼ ነገርኳት። ትራስ ልብስ እያጠፈች ነበር፤ እጇ አላቆመም።

«እትዬ፣ መጋረጃ ገረጣ ብለው ሰው ያስጨንቃሉ? አረንጓዴ ነው የተሰጠው። ሳል እንኳ የለውም።»

«ጫማ ጠጋኙም አልነበረውም።»

«ያሟርቱበታል እንዴ?»

«እኔ አላሟርትም። ነይና ቁጠሪ።»

አልመጣችም። የትራሱን ልብስ አጠፈችው፣ ፈታችው፣ እንደገና አጠፈችው። እውነቱን ልናገር፤ ይቺን ልጅ ብዙ ጊዜ ክፉ ነገር ተናግሬያታለሁ፣ ዛሬ ግን ምን እንደያዛት አውቃለሁ። ባለፈው ወር አባቷ ቀይ ወረቀት ተሰጣቸው። በእግራቸው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ «ነገ መላጫዬን አምጡልኝ» ብለው ወደዚያ ቤት ገቡ። የወጣው በከረጢት ጫማቸውና ቀበቶአቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ቀይ ነገር ቤት ውስጥ አታስገባም፤ የእኔን ቀይ ሻርፕ እንኳ ከአልጋዬ ሥር ደብቃው አገኘሁት። ስለዚህ አረንጓዴው ወረቀት ለእሷ ወረቀት አይደለም። ይህን እያወቅሁም መስተዋቱ ላይ ሄጄ ገነጠልኩት።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አልኳት። «ተነሺ። እንሄዳለን።»

የሁለታችንም ዓይን የተገነጠለው ወረቀት ጥግ ላይ ነበር፤ መስተዋቱ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ቁራጭ ከነማጣበቂያው ቀርታለች። ከዚያ ጫማዋን ፈለገች። በፍቅር አይደለም፤ ብቻዬን ወስጄው የሆነ ነገር እንዳላደርገው ብላ ነው።

ልጄን «ሊሰጡህ የሚገባ መድኃኒት ረስተዋል» ብዬ ዋሸሁት። ከቦቲው አውጥቼ ባለ ማሰሪያውን የውጭ ጫማውን አስደረግሁት። መንገድ ላይ ታክሲ አስቆምን፤ ሾፌሩ የሦስታችንንም ዓይን ዓይን አየና «የታመመ አለ?» አለ። ምራቴ «የለም» ስትል እኔ ደግሞ «አለ» አልኩ፤ ጋዙን ረግጦ ሄደ። ሁለተኛው የዋጋውን ሦስት እጥፍ ጠርቶ፣ መስኮት ከፍታችሁ አፋችሁን ወደ ውጭ አድርጉ አለ። ልጄ «ተዉት... ቅርብ ነው... በእግር» ብሎ ቀደመን። ቅርብ ነው፤ ለደህና ሰው አሥር ደቂቃ ነው።

ሠላሳ እርምጃ ሄደ፣ ቆመ። የአልጋ መሸጫ መስኮት ላይ አፍጥጦ አልጋ ያያል። እንደገና ሃያ እርምጃ፤ የፎቶ ቤት መስኮት፤ የማያውቃቸውን ሙሽሮች ያያል። ምራቴ ደስ አላት፤ ወደ እኔ ዞራ «አዩ? ዕቃ እያየ ነው፣ ተነቃቅቷል» አለችኝ በሹክሹክታ። ሦስተኛው የጥርስ ሠሪ መስኮት ነበር። ውስጡ ነጭ ጥርሶች በሮዝ ድድ ላይ ተደርድረው ይስቃሉ። ልጄ አንድ እጁን መስታወቱ ላይ ደግፎ፣ አንገቱ ሥር ያለው ጉድጓድ እየተጠባ፣ ጥርሶቹን ያያል።

«ጥርስ ልትገዛ ነው?» አለችው ሚስቱ።

«ለ... እማዬ» አለ፤ ሊስቅም ሞከረ። ሳቁ ወጥቶ ሳያልቅ አየር አለቀበት።

እኔ ጥርሴ ሁሉ በቦታው ነው። በሌላ ቀን ቢሆን መልስ አላጣለትም ነበር። ዛሬ ከንፈሩን አየሁት። ከንፈሩ ላይ ቀለም የለም፣ ማንም በከንፈሩ ጨርቅ አይነክርም፤ ከንፈሩ ግን ጠርዙ ላይ የጥፍሩን መልክ መያዝ ጀምሯል። ክንዱን ይዤ፣ ቀስ በል ልጄ፣ እኔ ነኝ የደከመኝ፣ ለእኔ ብለህ ቀስ በል እያልኩ ወሰድኩት። ውስጤ እየጮኸ ነው።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ያቺው ነርስ ናት፤ ያው ጠረጴዛ፣ ያው ብዕር። ዘበኛው በሰልፉ መካከል እየተመላለሰ «የሚያስለው ወደፊት! የማያስለው ወደኋላ!» ይላል። ሕጉ ይኸው ነው፤ በሽታ የሚለካው በጩኸት ነው። አንድ ወፍራም ነጋዴ ግንቡን እስኪያናውጥ ይስላል፤ በሳሉ መሃል ስልክ ያወራል፣ ስለ ሲሚንቶ ይጨቃጨቃል፣ ረጅም ረጅም ዐረፍተ ነገር ሳይቆርጥ ይናገራል። እሱ ከፊት ሆነ። ልጄ፣ ሦስት ቃል አገጣጥሞ የማይጨርሰው፣ ዝም ስላለ ከኋላ ሆነ። እኔ ሰልፉን ትቼ ቀጥ ብዬ ወደ ጠረጴዛው ሄድኩ። ሰው ጮኸ። ይጩህ።

«እማማ፣ ትናንት መጥተው ነበር አይደል?»

«መጥቼ ነበር። ዛሬ ብሷል። ትንፋሹ በእጥፍ ፈጥኗል።»

«በምን አወቁ?»

ነገርኳት። መጋረጃውን፣ በርሜሉን፣ መቶውን። እየተናገርኩ ራሴ ጆሮዬ ላይ እብደት መሰለኝ። ከኋላዬ ነጋዴው ስልኩን ከጆሮው አነሣና «እማማ፣ መጋረጃው ከታመመ ልብስ ሰፊ ጋ ይውሰዱት» አለ። ሰልፉ ሳቀ። የፈራ ሰው ለሳቅ ምክንያት ሲያገኝ እንዴት እንደሚሻማ! ምራቴ አንገቷን ደፋች፤ ከእኔ አንድ እርምጃ ራቅ አለች። ነርሷ ግን አልሳቀችም፤ ለዚህ አመሰግናታለሁ። ልጄን ወንበር ላይ አስቀመጠችውና የልብስ መቆንጠጫ የምታህል መሣሪያ ከኪሷ አውጥታ አመልካች ጣቱ ላይ ነከሰችለት። «ይቺ ደሙ ውስጥ ያለውን አየር ትለካለች» አለች። «ከዘጠና አምስት በላይ ከሆነ ደህና ነው። ከዘጠና በታች ከወረደ ነው የሚያሳስበን።»

ፊደል አልቆጠርኩም፤ ቁጥር ግን አውቃለሁ። ሰባት፣ ከዚያ ስምንት። ሰባ ስምንት።

የነርሷ ፊት ክው ሲል አየሁ። አንዲት ቅጽበት ነው። ከዚያ ዓይኗ ወደ ጥፍሩ ወረደና ፊቷ ላይ ዕረፍት መጣ፤ እስከ ዛሬ ካየሁት ነገር ሁሉ ይበልጥ የፈራሁት ይህን ዕረፍት ነው።

«አይ፣ ቀለም ነው» አለች። «ይቺ መሣሪያ በጥፍር ውስጥ ነው ብርሃን የምታሳልፈው። ጥፍር ከተቀባ ትሳሳታለች፤ ተምረነዋል። ባለፈው አንዲት ሙሽራ ጥቁር ጥፍር ቀለም ተቀብታ መጥታ፣ ይቺው መሣሪያ ሞታለች ልትለን ነበር።» ልጄ ፈገግ አለ፤ ምራቴም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ተነፈሰች። ነርሷ ሌላ ጣት ሞከረች፤ ሰማንያ። ሌላ፤ መሣሪያዋ ምንም አላነበበችም። አውራ ጣቱን፤ ሰባ ሰባት። በአልኮል የራሰ ጥጥ አምጥታ ጥፍሩን ፈተገች፤ ጥጡ ሰማያዊ ሆነ፣ ጥፍሩም ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ። «በቃ፣ ቀለሙ ሲለቅ ያምጡት» አለች።

«ይሄ ቀለም የሚለቀው ጥፍሩ ሲያድግ ነው» አልኩ። «ስድስት ወር ነው።»

«እንግዲህ ሳል የለም፣ ትኩሳቱም ቀላል ነው፣ ራሱም ደህና ነኝ ይላል። ደህና ነህ አይደል ወንድሜ?»

«ደህና... ነኝ» አለ ልጄ። የሚያሳብደው ይህ ነው፤ አይዋሽም። አልታወቀውም። ሰው ቀስ በቀስ ሲሰምጥ ውሃው ይሞቀው ይሆን? እኔን ያየኝ እንደሚያፍርብኝ ሰው ነው። ነርሷ ደግሞ ወደ ወረቀቶቿ እጇን ሰደደች፤ አረንጓዴዎቹ ከላይ ናቸው። ጊዜው አለቀብኝ። ከዚህ ተመልሶ ባልዲው ላይ ሲቀመጥ ታየኝ፤ ማታ ሲያንቀላፋ፤ ጠዋት ገብቼ ስጠራው። አሁን ካልተናገርሽ የምትነክሪው ጥቁር የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ አልኩ ለራሴ። ግን ምን ልናገር? ያለኝን ሁሉ ተናግሬያለሁ። መሣሪያዋ እውነቷን ነው ብል፣ ቀለም ነው ይሉኛል። ቀለም። የሱን እጅ እንደኔ እጅ አዩት፤ እጁን አይተው የቀረውን ሰውዬ ጨረሱት።

ጉልበቴን ካጠፍኩ ለመነሣት ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። ቢሆንም ተንበረከክሁ። የልጄን ጫማ ማሰሪያ ፈታሁ።

«እማዬ... ተይ... ሰው ያያል።»

«ይየኝ!»

ካልሲው ተረከዙ ላይ ቀዳዳ አለው፤ የደበቀው ያንን ነው፣ የኔ ሞኝ። ገፈፍኩት። ሥራ ላይ ከቦቲ ወጥቶ የማያውቅ እግር ነው፤ ጠብታ ቀለም አልነካውም፣ ጥፍሩ እንደተወለደ ነው።

«ሲስተር፣ እዚህ አድርጊው።»

«እማማ፣ ይሄ የእጅ ጣት ነው የሚለካው...»

«ጣት ጣት ነው። ደሙ ከወገብ በላይ ሌላ፣ ከወገብ በታች ሌላ ነው እንዴ? አድርጊውና ተሳስተሽ ከሆነ እኔን ከዚህ ግቢ በዘበኛ አስወጪኝ።»

ዘበኛው ሰማ፤ ጠጋ አለ። ሰልፉ አንገቱን አሰገገ፤ ነጋዴው እንኳ ሳሉን ዋጠ። ነርሷ ከእኔ ጋር ከመጨቃጨቅ ብላ ይመስለኛል፣ ጎንበስ አለች። እግሩ በረዶ ነበር፤ መሣሪያዋ መጀመሪያ አላነበበችም። በሁለት እጄ አሸሁለት፣ ሕፃን ሆኖ እንደማሸው፣ ትንፋሼን እፍ እፍ እያልኩበት። እንደገና ነከሰችለት። ጠበቅን። እኔ በዚያች ጊዜ የለመንኩትን ማንም አያምነኝም። ይሳሳትብኝ ብዬ ለመንኩ። ዘጠና ስምንት በል፣ አሮጊቷ አበደች ይበሉኝ፣ ዘበኛው በክንዴ ይጎትተኝ፣ ሰልፉ እስኪበቃው ይሳቅብኝ፣ አምላኬ።

ሰባ ስድስት።

ነርሷ ሰዓቷን ከእጇ አዙራ የልጄን ሸሚዝ ገለጠች፤ ደረቱን እያየች ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቆጠረች፤ አንድ ሙሉ ደቂቃ። «ሠላሳ ስምንት» አለች ለራሷ። ቀና ብላ ስታየኝ ዓይኔን ነበር ያየችው። «በእጥፍ ነው ያሉኝ?» አለችኝ፤ ከዚያ መልሴን ሳትጠብቅ ወደ ውስጥ ጮኸች፤ ወንበር! ኦክስጅን! ቶሎ! ልክ ሆኜ አውቃለሁ በሕይወቴ፤ ልክ መሆን እንዲህ አንጀት ሲበጥስ ግን አላየሁም።

በሚገፋ ወንበር አስቀመጡት፤ ከጀርባው ትንሽ ሲሊንደር ሰክተው ጭምብል አፉና አፍንጫው ላይ አሰሩለት። አንድ እግሩ ጫማ የለውም፤ ጫማውን እኔ ይዣለሁ። ግቢውን አቋርጠው በጀርባ በኩል ወደዚያ ቤት ወሰዱት፤ እኔና ምራቴ ከኋላ እንሮጣለን፣ እሷ በረጅም እግሯ፣ እኔ በዚህ ወገቤ። በሩ ላይ ወንበር ገፊው ቆመ። «ከዚህ ወዲያ ታማሚ ብቻ ነው» አለ። የተንጠለጠለው ሲሊንደር ፍሽሽ ይላል። «ፈጠን በሉ፣ ይቺ ብዙ አትቆይም፤ ትልቁ ውስጥ ነው።»

ምራቴ ዘላ የልጄን እጅጌ ያዘች። በሁለት እጇ።

«አይገባም» አለች። «ቤት እንወስደዋለን። ኦክስጅን እንከራያለን፣ ሐኪም እናመጣለን። አይገባም አልኩ! አባቴም በእግሩ ነው የገባው!»

ገፊው ሊያላቅቃት ሞከረ፤ አልቻለም። ልጄ በጭምብሉ ውስጥ አንድ ነገር አለ፣ አልተሰማም፤ ዓይኑ ከእሷ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሷ ይሄዳል። ሲፈራ አየሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ ገባው። እኔም በሩን አየሁት፤ ቀለሙ የተላጠ የእንጨት በር ነው፣ ምንም አይልም። እኔስ አልፈራም ብያለሁ እንዴ? ያ በር ከተከፈተና ልጄ ካልወጣ በእኔ ምላስ ነው የገባው። ዝም ብል ኖሮ ቤቱ፣ አልጋው ላይ፣ ሚስቱ እጅ ላይ ይሆን ነበር። ይህን ምራቴም ታውቃለች፤ ዓይኗ ላይ ተጽፏል፣ ዕድሜ ከሰጠን ሃያ ዓመት ትናገረኛለች። ትናገረኝ። ሲሊንደሩ ፍሽሽ ማለቱን እየቀነሰ ነው።

ጫማውን መሬት ጣልኩት። ሄጄ ጣቶቿን ያዝኩ፣ አንድ በአንድ ከእጅጌው ፈለቀቅሁ፤ መልሳ ስትይዝ እንደገና እፈለቅቃለሁ።

«ልቀቂው» አልኳት። «ልቀቂው ነው የምልሽ! ይሄ ሰውዬ የጎደለው አየር ነው፤ የኔም ያንቺም እጅ አይደለም። መያዝ ካለብሽ፣ ነይ፣ እኔን ያዢ።»